አባቴ አሰልጣኝ የሆነበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት ለልጄ የሳል ሽሮፕ ልገዛ ጳውሎስ አካባቢ ወዳለ አንድ ፋርማሲ ጎራ ብዬ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከፊቴ የቆመ ወጣት የጡንቻ ቅባት ክዳን ከፍቶ ሲያሸት፣ ያ አፍንጫን ሰንጥቆ የሚገባ ሽታ ድንገት መጥቶ ያዘኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ሳለ ቤታችን እንዲህ ነበር የሚሸተው። አባቴ የኮሌጁ እግር ኳስ ቡድን ዋና አሰልጣኝ የሆነበት ዓመት ነበር።

ቤታችን ጉለሌ፣ ወደ እንጦጦ በሚወስደው አቀበት ዳር ነበር፤ ከኮሌጁ ሜዳ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። አባቴ እዚያው ኮሌጅ የስፖርት መምህር፣ ወንድሜ ብሩክ ደግሞ የሁለተኛ ዓመት ተማሪና የቡድኑ አጥቂ ነበሩ። የቀድሞው አሰልጣኝ ጡረታ ሲወጡ ቦታው ለአባቴ ተሰጠ። ደብዳቤው በመጣ ቀን ብሩክ እኔን ትከሻው ላይ አውጥቶ ግቢውን እያዞረኝ «ዘንድሮ ዋንጫው እኛ ቤት ነው የሚገባው!» እያለ ሲጮህ፣ እናቴ ከት ብላ ስትስቅ ትዝ ይለኛል። አባቴ ብቻ አልሳቀም፤ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና «እስቲ ቀስ በሉ» አለ።

መስከረም ላይ፣ ሜዳው ገና ከክረምቱ ጭቃ ሳይደርቅ፣ አባቴ ተጫዋቾቹን ጎሕ ሲቀድ ሰብስቦ የእንጦጦን አቀበት ያስሮጣቸው ነበር። አባቴና ብሩክ አብረው ወጥተው አብረው ይመለሱና፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ቁርስ ላይ ስለ ኳስ ሲከራከሩ፣ እናቴ «ፊሽካህን እንኳ አውልቀህ ብላ እንጂ» ትለው ነበር። የቡድኑን ማሊያ የምታጥበው እሷ ነበረች፤ እሑድ ጠዋት አሥራ ስምንት ማሊያ በገመዳችን ላይ ተሰጥቶ ሲርገበገብ ግቢው የሠርግ ቤት ይመስል ነበር። ማታ ማታ ብሩክ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ባቱን በዚያ ቅባት ያሻል። አባትና ልጁ አንድ ሥርዓት ነበራቸው፤ ሜዳ ላይ ብሩክ አባቴን «አሰልጣኝ» እያለ በ«እርስዎ» ያናግረዋል፣ የግቢያችንን በር ካለፈ በኋላ ግን ወደ «አባባ» እና ወደ «አንተ» ይመለሳል። እኔና እናቴ በዚህ እንስቅባቸው ነበር።

በጥቅምት የኮሌጆች ውድድር ተጀመረ። ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ባለው ዓርብ፣ እራት ሳይቀርብ፣ አባቴ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቶ የአሥራ አንዱን ስም ሲጽፍ እኔ ከጎኑ ሆኜ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። ጽፎ፣ ሰርዞ፣ እንደገና ጽፎ፣ ውሃ ሊጠጣ ሲነሣ አንገቴን አስግጌ አየሁት። የብሩክ ስም ከአሥራ አንዱ ውስጥ አልነበረም። ከታች፣ ከተቀያሪዎቹ መጨረሻ ላይ ነበር።

ብሩክ በረንዳው ላይ ታኬታውን በብሩሽ እየፈተገ ነበር። «አየሽው እንዴ?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ።

«አላየሁም» አልኩት። ልነግረው ፈልጌ አፌ አልታዘዘልኝም። እሱም ፈገግ ብሎ መፈተጉን ቀጠለ።

በማግስቱ ብሩክ ጨዋታውን በሙሉ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዋለ። ቡድኑ አንድ ለዜሮ ስላሸነፈ ማንም ምንም አላለም። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው ሆነ፣ ከዚያም በኋላ እንደዚያው። ኅዳር ሲገባ ማሸነፉ ወደ አቻ መውጣት፣ አቻ መውጣቱም ወደ መሸነፍ ተለወጠ። አንድ ቀን እራት ላይ ብሩክ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠና «አባባ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለ።

«ምንም አላጠፋህም።»

«ታዲያ?»

«የሜዳን ነገር ሜዳ ላይ እንነጋገር።»

ሜዳ ላይም አልተነጋገሩም። በማግስቱ ምሳ ላይ ብሩክ ቀና ብሎ ሳያየው «ጨው ያቀብሉኝ» አለው። እናቴ እጇ ወጥ ላይ እንዳለ ቀረ። አባቴ ጨዉን አቀበለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ «አንተ» ጠፋ።

በታኅሣሥ ቡድኑ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ሲሸነፍ አምበሉ ከድር ቤታችን መጣ። በረኛ ነበር፤ አባቱ አስፋልቱ ዳር ሱቅ ስለነበራቸው እኛም ከልጅነቱ እናውቀዋለን። እናቴ ተቀመጥ ብትለው እንቢ ብሎ፣ ቆሞ እጁን እያፍተለተለ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ማለቴ፣ ልጆቹ ናቸው የላኩኝ። ብሩክን ያስገቡልን» አለ።

«ብሩክ ነው እንዲህ በል ያለህ?»

«ወላሂ እሱ አያውቅም!»

«ቡድኑን የማሰልፈው እኔ ነኝ ከድር። ሂድና እረፍ።»

ብሩክ ከጓዳ ሆኖ ሁሉንም ሰምቶ ነበር። ጥምቀት እንዳለፈ ልብሱን በአንድ ሻንጣ ከቶ ሽሮ ሜዳ አክስታችን ቤት ሊኖር ተነሣ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ኳሱንም ልትተው ነው?» ስትለው፣ «ከቤት ነው የወጣሁት እማዬ፣ ከቡድን አልወጣሁም» አላት። እንዳለውም አንድ ልምምድ ሳይቀር፣ ከሁሉ ቀድሞ እየደረሰ፣ ከሁሉ ኋላ እየወጣ፣ ሳይሰለፍ በጋውን ጨረሰ።

በእነዚያ ወራት እኔ እሑድ እሑድ ከአክስቴ ቤት ስመለስ አባቴ ከጋዜጣው ጀርባ ሆኖ «አክስትሽ ደህና ናት?» ይለኛል። ስለማን እንደሚጠይቅ ስለማውቅ፣ «ደህና ናት፣ ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ተሻላት፤ ፈተናዋንም በደንብ ሠርታለች» እለዋለሁ። አክስቴ ስልሳ ዓመት አልፏት ነበር። አባቴ «ጥሩ» ብሎ ጋዜጣውን ይገልጣል።

መጋቢት ሃያ አንድ ቅዳሜ ዋለ። እናቴ በየወሩ እንደምታደርገው እንጦጦ ማርያም ወጥታ፣ ስትመለስ ካፊያ ስለጀመረ መንገዱን ለማሳጠር በሜዳው በኩል አቋረጠች። ከዚያ በፊት ጨዋታ አይታ አታውቅም። ምሽቱን ነጠላዋን ሳታወልቅ አባቴ ፊት ተቀመጠች።

«የብሩክ ዘጠኝ ቁጥር ማሊያ ጭቃ ኖሮበት አያውቅም» አለች። «ሳጥበው አይቼዋለሁ። ዝም ያልኩት ሥራህ ነው ብዬ ነው። ዛሬ ግን ልጄን ካፊያ ላይ ተቀምጦ አየሁት። ልጁን አሰለፈ እንዳይሉህ ነው፣ አይደል?»

አባቴ ቀስ ብሎ፣ በሹመቱ ቀን ስብሰባ ላይ አንድ ሰው «እንግዲህ ቡድኑ የቤተሰብ ሆነ» ብሎ ሲቀልድ ቤቱ ሁሉ እንደሳቀ ነገራት።

«እና ለሳቀው ሰው ብለህ የኔን ልጅ ታስለቅሳለህ?»

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባቴ እጄን ይዞ ሽሮ ሜዳ ወሰደኝ። የአክስቴ ባል ሸማኔ ስለነበሩ ቤቱን እንዳለ የያዘው የሽመና ዕቃቸው ነበር፤ እኛን ሲያዩ ወንበር አቀረቡልን። ብሩክ ደንግጦ ተነሣ። አባቴ ቁጭ በል ቢባል አልቀመጥ ብሎ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ እዚያው እንደቆመ ተናገረ።

«ብሩክ፣ አጥፍቻለሁ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነው። አንተ ጥፋት የለብህም። አንተንም ቡድኑንም በደልኩ።»

እንዲህ ያለ ቃል ከአባቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ብሩክ «ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው?» አለ።

«በስምንት።»

«እሺ።»

ረቡዕ ዕለት ሻንጣውን ይዞ ቤት ገባ።

ቅዳሜ እናቴም መጣች። ጨዋታው ግን እንዳሰብነው አልሆነም። ብሩክ ከመቀመጥ ብዛት እግሩ ከብዶት፣ ኳሱ እየነጠረበት፣ በረኛው ወድቆ ሳለ ባዶ ጎል ሳተ። ከእረፍት በኋላ ብዙም ሳይቆይ አባቴ ቀይሮ አስወጣው። እኔ ሁሉ ነገር እንደገና የተበላሸ መሰለኝ።

እራት ላይ ብሩክ እጁን ሳይታጠብ ነበር ክርክሩን የጀመረው። «ለምንድን ነው ያወጣኸኝ? አንድ ሰዓት እንኳ ሳልጫወት!»

«እግርህ ስለተሳሰረ ነዋ! ባዶ ጎል ስተህ ላጨብጭብልህ?»

«ትንሽ ብትታገሰኝስ? ለሌላው ስትታገስ አልነበር?»

ድምፃቸው ጎረቤት ይሰማ ነበር። እናቴ ጭልፋውን እንደያዘች ወደ እኔ ዞራ በዐይኗ ጠቀሰችኝ፤ «አንተ» ሲለው ሰምታ ነበር። ሁለቱ ትንሽ ከተያዩ በኋላ ብሩክ ራሱ ሳቁ አመለጠውና «እውነትም ባዶ ጎል ነበር» አለ።

እስከ ሰኔ ድረስ በቀሩት ጨዋታዎች ሦስት ጎል አገባ። ዋንጫ ግን ወደ ቤታችን አልመጣም፤ ቡድኑ መሀል ላይ ጨረሰ። አባቴ ሁለት ዓመት አሰልጥኖ ለሌላ ሰው ለቀቀ።

ዛሬ የሜዳው ግማሽ ሕንፃ ተሠርቶበታል፣ ብሩክ አዳማ ያስተምራል፣ አባቴም ሸምግሎ ጨዋታ የሚያየው በቴሌቪዥን ነው። እኔ ለልጆቼ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይቅርታ እላቸዋለሁ፤ ስዘገይ፣ ስጮህባቸው፣ ቃል ገብቼ ስረሳ። እነሱም ከስልካቸው ቀና ሳይሉ «ችግር የለም» ይሉኛል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ይህ ጥሩ ነው፤ በእኛ ቤት ማንም ሰው አኩርፎ ወራት አይቆይም። ግን አንዳንዴ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንዴት እንደቀለለ እሰማውና አባቴ ትዝ ይለኛል፤ እኔ እስከማውቀው ድረስ አንድ ጊዜ ብቻ ነው «አጥፍቻለሁ» ያለው፣ ያን ዕለት፣ ቆሞ፣ ልጁን ዐይን ዐይኑን እያየ።