ያልጸዳው ድምፅ

ቢሯችን ውስጥ «ጆሮ» የምንላት ሴት ነበረች። ሥራችን ከጠላት ወገን የተጠለፈ የስልክ ንግግር መስማት ነው። ኮምፒውተሩ ንግግሩን በጽሑፍ ይተረጉምና «ሥጋት ነው» ወይም «አይደለም» ይላል፤ እኛ ሰምተን እናጸድቃለን። ሌሎቻችን የምንሰማው ኮምፒውተሩ ጫጫታውን አጥፍቶ የሚሰጠንን የጸዳ ድምፅ ነው። እሷ ግን ምንጊዜም ያልጸዳውን ታስቀድማለች፤ ስለዚህ ትዘገያለች። እኔ መቼም አፌ አያርፍም፣ «ዛሬም ቆሻሻ ልትለቅሚ ነው?» እላታለሁ። «አንቺ ምላስሽን ያዢ፣ እኔ ጆሮዬን» ትለኛለች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አለቃችን ሻለቃው ራሱ መጥቶ ከጀርባዋ ቆመ። ኮምፒውተሩ አንድ ቤት ላይ ቀይ አብርቷል፤ ሁለት ወንዶች ስለ ጦር መሣሪያ ጭነት ያወራሉ። እሷ የማጽደቂያውን ቁልፍ ከተጫነች ቤቱ በቦምብ ይመታል።

«ቶሎ በይ እንጂ እህቴ፣ ሰዎቹ ሊወጡ ነው!»

«አንዴ ይታገሡኝ።» ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ፊቷ አመድ መሰለ። «እዚህ ቤት ሕፃን አለ። እያለቀሰ ነው፤ ሴት ታባብለዋለች።»

«ጽሑፉ ላይ የታለ ሕፃኑ?»

«ጽሑፉማ ከየት ያመጣዋል! ጫጫታ ነው ብሎ አጥፍቶታል።»

«የጭነቱስ ወሬ ውሸት ነው?»

«አይ፣ እሱ እውነት ነው።»

ይቺን ነው የምወድላት፤ ሕፃኑን ለማዳን ብላ እንኳ አልዋሸችም።

«እንግዲያው አጽድቂ! ያ ጭነት ነገ የኛን ልጆች ቢጨርስ ማን ሊጠየቅ ነው?»

የገዛ ወንድሜ ግንባር ነው ያለው። ምን እደብቃለሁ፣ በሆዴ «ተጫኚው፣ ምን ትጠብቂያለሽ!» እያልኩ ነበር። እሷ የጆሮ ማዳመጫውን ከኮምፒውተሩ ነቀለችው። ለቅሶው ክፍሉን ሞላው። የሚያባብል የሴት ድምፅም ተሰማ።

«እኔ አላደርገውም። እርስዎ ይጫኑት» ብላ ከወንበሯ ተነሣች።

ሻለቃው ቁልፉን አየው፣ እኛን አየን፣ ግንባሩን ጠረገ። «ይቆይ» ብሎ ወጣ። ጭነቱ የት እንደደረሰ የነገረን የለም፤ እኔ ወንድሜ እስኪደውል ድረስ እህል አልወርድልሽ አለኝ።

በሳምንቱ አንድ ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ መጣ። ሥራ ለማቀላጠፍ ሲባል ከእንግዲህ ኮምፒውተሩ ራሱ ያጸድቃል፣ ያልጸዳው ድምፅም አይቀመጥም አለን። ጆሮም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንደምትዛወር ተነገራት።

«ጥያቄ ያለው?» አለ ባለሙያው።

ጆሮ እጇን አወጣች። «ሕፃን ሲያለቅስስ ማን ይሰማዋል?»

ወጣቱ ሊያጽናናት ፈገግ አለ። «አይጨነቁ እናቴ፣ አስተካክለነዋል። ከእንግዲህ ምንም ለቅሶ አይሰማም።»