የጋሽ አብዱልሃኪም ሰፊ ጀርባ

አብዱልሃኪም ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከአዳማ በወለንጪቲ በኩል መተሐራ የሚመላለስ አውቶቡስ ነድቷል። ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት የባለቤቱ የዋፊቃ ትዕግሥት አለቀ። ሰውየው ቤት መቀመጥ አልቻለበትም። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ የሳሎኑን ወንበሮች በሁለት ረድፍ ይደረድራል። እንግዳ ሲመጣ «ግቡ፣ ግቡ፣ ከኋላ ቦታ አለ» ይላል። እሷ ወጥ ስታማስል ከጀርባዋ ይቆምና «ቀነስ አድርጊው እንጂ፣ ይግላል» እያለ እሳቱን ይቀንስባታል።

«አብዱ» አለችው አንድ ቀን ማማሰያውን እንደያዘች፣ «ወይ ሥራ ፈልግ፣ ወይ መንገድ ፈልግ። እኔ ረዳትህ አይደለሁም።»

እሱ መንገድ ፈለገ። ገበያ ወጥቶ ማርሽ ያለው ቀይ ያገለገለ ሳይክል ገዛና እሑድ እሑድ ወደ ወለንጪቲ ከሚጋልቡ የከተማው ልጆች ጋር ተቀላቀለ። የቡድኑ አፍ ጉደታ ነበር፤ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ስለ ፍጥነት የተጻፈ ነገር ሁሉ ስልኩ ውስጥ አለ። እግር ግን የሒሳብ አስተማሪዋ ሃዊ ነበረች። ብዙ አታወራም፤ ትነሳለች፣ ከዚያ ወለንጪቲ ትገናኛላችሁ።

ቡድኑ አንድ ሕግ ነበረው። መጨረሻ የደረሰ ቁርስ ቤት ውስጥ ማስታጠቢያ ይዞ ሁሉንም እጅ ያስታጥባል። አብዱልሃኪም በመጀመሪያው እሑድ ከሁሉም ኋላ ደረሰና ማስታጠቢያውን አነሳ። ልጆቹ ደነገጡ።

«ኧረ ጋሼ፣ ነውር ነው! እርስዎማ አያስታጥቡንም!» ብላ ሃዊ እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

«ሕግ ሕግ ነው። እጅሽን አምጪ።»

አምስቱም ተሳቀው፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ አጎንብሰው ታጠቡ። ፍርፍሩ እንኳ በደንብ አልወረደላቸውም። በሁለተኛው እሑድም መጨረሻ ሆነ፤ በሦስተኛውም። አራተኛው ላይ ጉደታ ችግሩን ሊፈታ ቆርጦ ተነሳ፤ ለጋሼ ክብር ይሁን ለራሱ ምቾት አልታወቀም።

«ክብደት ነው የገደለዎት» አለ። «ጭቃ መከላከያውን፣ ፓራፋንጎውን ያውልቁት። የኋላ መጫኛውንም።»

አወለቀው። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር የኋላው ጎማ ጭቃውን ከወገቡ እስከ ማጅራቱ ለቀለቀው። ዋፊቃ በር ላይ አይታው «ቤት ስትለስን ነው የዋልከው?» አለች።

«እንግዲያው ኮርቻው ነው» አለ ጉደታ በሚቀጥለው ሳምንት፣ «እግርዎ መዘርጋት አለበት።» ኮርቻው ከፍ አለ። አሁን መንዳቱ ቀለለ፤ ችግሩ መውረድ ሆነ። ወለንጪቲ ሲደርስ የሚደገፈው ዛፍ ፍለጋ ቁርስ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞረው።

«ልብስዎ ነው ንፋስ የሚይዘው!» አለ ጉደታ ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ገላ ላይ የሚጣበቅ ቁምጣም አመጣለት። ዋፊቃ ቁምጣውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ከፊትም ከኋላም መረመረችው።

«ይህን ለብሰህ የምትወጣ ከሆነ በጓሮ ውጣ» አለችው። «ጎረቤት ከጠየቀኝ ባሌ መተሐራ ሄዷል ነው የምለው።»

ከላይ ሰፊ ቱታውን ደረበበት፤ የቱታውን ጫፍም ሰንሰለቱ እንዳይበላው በልብስ መቆንጠጫ ያዘው። ያን ቀንም ማስታጠቢያው ከእጁ አልወጣም።

በመጨረሻ ነገሩን ያገኘችው ሃዊ ናት። አንድ እሑድ እንደ ወትሮዋ ወደፊት መብረሯን ትታ መንገዱን ሁሉ ከኋላው ተከተለችው። ወለንጪቲ ሲደርሱ ሳይክሏን ግንብ ላይ አስደግፋ ሳቋን እየታገለች ቀረበችው።

«ጋሼ፣ አሥራ አራት ጊዜ ፍሬን ይዘዋል።»

«ጉድጓድ ይሆናል።»

«ጉድጓድ የለም። መንገድ ዳር ያለ ሰው እጁን ባነሳ ቁጥር ዳር ይይዛሉ።»

«እኔ?»

«እርስዎ። አንደኛው ሰውዬማ ብብቱን ነበር የሚያክከው።»

አብዱልሃኪም እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ ላይ የተነሳ እጅ አልፎ አያውቅም፤ ጣቶቹ ሳይጠይቁት ነው ፍሬኑን የሚጨብጡት። ታዲያ መቆም ብቻ መች ሆነ፤ ከቆመ ሰላምታ አለ፣ ሰላምታው ደግሞ ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ሳይጠያየቁ አያልቅም።

«ምን ይሻላል?» አላት።

«አስፋልቱን ብቻ ይዩ፤ ወደ ዳር አይዩ።»

በቀጣዩ እሑድ ከምሥራቅ የሚመጣው ንፋስ ጠንከር ብሎ ነበር። ወደ ወለንጪቲ ሲሄዱ ንፋሱ ፊት ለፊት ይገጥማል። ከከተማው መውጫ ማደያው ጋ ሲሰበሰቡ ጉደታ የመጨረሻ ምክሩን ሰጠ።

«ዛሬ ከኔ ኋላ ተጠግተው ይንዱ ጋሼ። ንፋሱን እኔ እጋርድልዎታለሁ፤ እርስዎ መከተል ብቻ ነው።»

ሃዊ ተፈተለከች። አብዱልሃኪምም አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን አስፋልቱ ላይ ተክሎ ፔዳሉን ይመታ ጀመር። ፍሬን አለመያዝ ሰውን እንዲህ ያስኬዳል ብሎ አልገመተም ነበር። ጥቂት እንደሄዱ ከፊቱ የነበረው ጉደታ ጠፋ። ቶሎ ቶሎ የሚል ትንፋሽ ግን ከኋላው ይሰማዋል።

«ጉደታ፣ የት ነህ?»

«እ… እዚሁ ነኝ ጋሼ! አነዳድዎን ልየው ብዬ ነው!»

የአብዱልሃኪም ጀርባ ቀላል ጀርባ አይደለም። ስፋቱ ሲነዳ የኖረበት ወንበር ልክ ነው። ጉደታ እዚያ ጀርባ ስር ገብቶ፣ ንፋስ የሚባል ሳይነካው፣ እንደ መንገደኛ ተመቻችቶ ይከተል ነበር።

አንድ እጅ ተነሳ፤ አለፈው። ሁለተኛው ተነሳ፤ ልቡን ወጋ እያደረገው አለፈ። ሦስተኛው ሰው ከኋላው «አብዱ ኮራ!» ብሎ ጮኸ፤ ጥርሱን ነክሶ አለፈ። ወለንጪቲ ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ግን እማማ ጉዲቱ ቆመው ነበር። እኒህ ሴት ሃያ ዓመት ሙሉ ከሾፌሩ ጎን ካልሆነ ተሳፍረው አያውቁም። እጅ ሳይሆን ነጠላቸውን ነው እያውለበለቡ የጠሩት።

«አብዱ! እኔንም ልታልፈኝ ነው?»

ሁለቱንም ፍሬን ጨበጠ።

የፊት ጎማው ከአብዱልሃኪም የኋላ ጎማ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ይርቅ የነበረው ጉደታ «ዋይ!» ብሎ መሪውን ጠመዘዘና፣ ከአስፋልቱ ወርዶ፣ አንዱ ገበሬ በግራር እሾህ ያጠረው አጥር ውስጥ ከነሳይክሉ ገባ። አብዱልሃኪምና እማማ ጉዲቱ ሮጠው ደረሱለት። አጥንቱ ደህና ነው። የፊት ጎማው ተንፍሷል፤ ገላው ላይ የተጣበቀው የራሱ ቁምጣ ግን ከኋላ በኩል ሁለት መስኮት ተከፍቶለታል።

እማማ ጉዲቱ ጉደታን አዩት፣ ሳይክሉን አዩት፣ ከዚያ ወደ አብዱልሃኪም ዞሩ።

«አብዱ፣ መኪናህን ምን ነካው? በጣም ከሳ እኮ!»

ጭነታቸው አንድ ዘንቢል ሽንኩርት ነበር። መጫኛው ስለወለቀ ዘንቢሉን ኮርቻው ላይ አስቀምጦ፣ በአንድ እጁ እየያዘ፣ ከእሳቸው ጋር እያወጋ በእግሩ ወለንጪቲ ገባ። ጉደታ ሹራቡን ወገቡ ላይ አስሮ፣ የተነፈሰ ሳይክሉን እየጎተተ ከነሱም ኋላ ደረሰ። ሃዊ ማስታጠቢያውን አቀበለችው።

እማማ ጉዲቱም ለቁርሱ ተቀምጠው ነበርና መጀመሪያ የታጠቡት እሳቸው ናቸው። «ኤቢፈሚ ልጄ፣ ተባረክ» አሉት እጃቸውን እያራገፉ። «አሁን ሂድና ሱሪ ልበስ።»

ጉደታ ቁርሱን እሾህ ያልወጋው ጎኑ ላይ ጋደል ብሎ ተቀምጦ በላ። ከሳቁ መሀል ግን እውነቱን አወጣው። «ጋሼ፣ እውነቴን ነው የምልዎ፣ ከእርስዎ ጀርባ ንፋስ የለም። ግድግዳ ነው። ስልኬ ላይ ካለው ሁሉ ይህ ይበልጣል።» ሃዊ ወረቀት ሳትፈልግ አሰበችና፣ አብዱልሃኪም ፊት ሆኖ ሌሎቹ በሰልፍ ቢከተሉት ሁሉም ከዛሬው ቀድመው እንደሚደርሱ ነገረቻቸው። ሞከሩት። በሚቀጥለው እሑድ ስድስቱም አብረው፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ከመቼውም ፈጥነው ወለንጪቲ ገቡ።

አሁን አነዳዱ እንዲህ ነው። አብዱልሃኪም ፊት ነው። ንፋሱ የት እንደሚያይልና መንገዱ የት እንደሚያዘቀዝቅ በቃሉ ያውቃል፤ «ጠጋ በሉ!» ሲል ይጠጋሉ፣ «ላላ!» ሲል ይላላሉ። ውኃ የጠማው ወይም የደከመው ከኋላ «ወራጅ አለ!» ብሎ ይጮኻል፤ እሱም ፍሬን ከመንካቱ በፊት እጁን ዘርግቶ ያስጠነቅቃል። ይህን ሕግ ያወጣው ጉደታ ነው።

ባለፈው እሑድ፣ በሰልፍ ሲሄዱ፣ አንድ ተሳቢ ከኋላቸው ቀስ ብሎ መጥቶ ጎን ለጎን ሆነ። ሾፌሩ ገርባ ነበር፤ በዚያው መስመር አብሮት ያረጀ ሰው። በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ሰልፉን ከፊት እስከ ኋላ ቆጠረው።

«አብዱ! ትርፍ ጫንክ እንዴ?»

አብዱልሃኪም ዓይኑን ከአስፋልቱ ሳያነሳ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ መለሰለት።

«በወንበር ልክ ነው! እለፍ!»