ዝናሽ የላከችው ካሴት

በተከራየሁት ቤት ያለው የሰሃን ማጠቢያ ማሽን ዛሬ ውሃውን ማስወጣት አቅቶት ያጉረመርም ጀመር። ድምፁን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ።

ያኔ ሰቆጣ ነበርን። አረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራው እህቴ ዝናሽ ድምፅዋን በካሴት ቀድታ ላከችልን። ዝናሽ ቆም ባለች ቁጥር፣ እናቴ ፊት ለፊቷ የተቀመጠች ይመስል ትመልስላት ነበር።

«እማዬ፣ ይሄ የሚያጉረመርመው ሰሃን የሚያጥብ ማሽን ነው። ውሃው አልወርድ አለኝ። ማዳም ሳትመጣ ካልሠራሁት፣ አንቺ ነሽ ያበላሸሽው ብላ ትገለኛለች።»

«አንች ልጅ፣ ተይውና ሰሃኑን በአመድ ፈትገሽ እጠቢው!» አለች እናቴ።

ዝናሽ ሳቀች። የሰማቻት መሰለኝ።

«የውሃ መውረጃውን ወንፊት ፈታሁት። ስባሪ ብርጭቆ ነው የዘጋው። ቆይ እማዬ፣ ላስነሳው።»

ጉርምርምታው እንደገና ተሰማ። ከዚያ በር ሲከፈት ሰማንና የካሴቱ ድምፅ ተቋረጠ።

«ማሽን አይደለም» አለች እናቴ ቀስ ብላ። «የምታቃስተው እሷ ናት።»

ከዚያ በኋላ ካሴትም ወሬም አልመጣም።

ዛሬ እኔም ወንፊቱን ፈትቼ የተሰካውን የአጥንት ስባሪ አወጣሁ። ማሽኑን እንዳስነሳሁት እናቴ ከሰቆጣ ደወለች። «እማዬ» አልኳት። ከጀርባዬ የሚመጣውን ጉርምርምታ ስታዳምጥ ቆየች።

«ዝናሽ» አለች በመጨረሻ፣ «ሠራልሽ ወይ?»