ለሚልኪያስ ያልተገባው ምርቃት

ሚልኪያስ ገብረአማኑኤል አምቦ ተወልዶ አምቦ ያደገ የወፍጮ ዕቃ ሻጭ ነው። ኩሽኔታ፣ ቀበቶ፣ ወንፊት፣ የወፍጮ ድንጋይ ከአዲስ አበባ አስመጪ እየተረከበ፣ ከሆለታ እስከ ባኮ ባለው መንገድ ላሉ ባለወፍጮዎች ያደርሳል። አንደበቱ ማር ነው ይሉታል። በአማርኛም በኦሮምኛም ጨዋታ ያውቃል፤ ሽማግሌ ካየ ከመኪና ወርዶ ነው ሰላም የሚለው። በዚህ ስሙም ይኮራ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት የደረሰበት ነገር ዛሬም ብቻውን ሲሆን አንገቱን የሚያስደፋው ለዚህ ነው።

ያ ጉዞ ከጅምሩ አልቀናውም። አስመጪው አዲስ ሥራ አስኪያጅ ቀጥሮ ነበር፤ ኤልያቄም የሚባል፣ መንገዱን በካርታ ብቻ የሚያውቅ ችኩል ሰው። “ሆለታ፣ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጉደር፣ ጌዶ፣ ባኮ። በሦስት ቀን ጨርሰህ ተመለስ” አለው። ሆለታ ሲደርስ ደንበኛው ሠርግ ሄዷል ተባለ። ጊንጪ ላይ ከመጋዘን የተጫነው ቀበቶ ልኩ ሌላ ሆኖ ተገኘና ባለወፍጮው “እኔን ልታሞኝ ነው?” ብሎ በሰው ፊት አዋረደው። እዚያው የመኪናው ፍሬን አልይዝ ብሎ፣ ከሹፌሩ ጋር መካኒክ ሲጠብቁ ውሃ የሌለው አልጋ ቤት ሁለት ሌሊት አደሩ። አምቦ ላይ በገዛ ቤቱ ደጅ ሲያልፍ ሚስቱን ፈትለወርቅን በመኪና መስኮት ሰላም ብሎ ነው የሄደው። ልብሱ የሁለት ቀን ላብ ይሸታል። ኤልያቄም ደግሞ ስልኩን አያሳርፈውም፤ “የት ደረስክ? የባኮ ሰዎች እየጠበቁህ ነው እኮ!”

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጉደር ላይ ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩ ጅሩ፣ በዕድሜ የሚበልጠው ዝምተኛ ሰው፣ ክሪክ አስገብቶ ጎማውን ሲፈታ ሚልኪያስ መንገድ ዳር ቆሞ ወደ ጌዶ ደወለ። የጌዶው ደንበኛ ኦቦ ረጋሳ ናቸው፤ የወፍጮ ቤትና የዕቃ ሱቅ ባለቤት። ለጉዞው ሁሉ የተማመነው በእሳቸው ነበር። ከጊንጪ ጀምሮ ቢደውል ቢደውል አያነሱም። አሁን ግን ስልኩ ተነሳ። ማን እንዳነሳው አልጠየቀም፤ እንደምን አደሩ እንኳ አላለም።

“ኧረ ኦቦ ረጋሳ! ምን ሆነው ነው? ሞቱ እንዴ?” ብሎ ጮኸ። ከወዲያ መልስ የለም። ያን ጊዜ የሦስቱ ቀን ንዴት ሁሉ አፉ ላይ መጣ። “ሞቱ እንዴ ሰውዬ? ሞቱ እንዴ?”

ስልኩ ተዘጋ።

ጅሩ ከጎማው ሥር ቀና ብሎ አየው። “ምነው ሚልኪያስ፣ ሽማግሌ እኮ ናቸው” አለ።

“እኔስ ሰው አይደለሁም?” አለ ሚልኪያስ፤ መኪናው ውስጥ ገብቶም በሩን ዘጋው።

ጌዶ ሲደርሱ ከተማው ጉም ለብሷል። ሱቁ ዝግ፣ ወፍጮ ቤቱም ዝግ። ሚልኪያስ ሊሳደብ አፉን ሲከፍት ከጎን ካለው ሻይ ቤት አንዲት ሴት ወጣች። “አልሰማችሁም? ኦቦ ረጋሳ ሊነጋጋ ሲል ዐረፉ። ሰሞኑን ታመው ነበር” አለች በኦሮምኛ።

ሚልኪያስ የመኪናውን በር ተደግፎ ቆመ። መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ፣ በኋላ ሲያስበው ይበልጥ የሚያሳፍረው፣ “ማን ይሆን ያነሳው? ድምፄን ያውቀው ይሆን?” የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ባኮ መሄድ። ጅሩን አየው፤ ጅሩ ግን ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከቷል። “እንግባ እንጂ” አለ።

ግቢው ውስጥ ድንኳን እየተተከለ ነው። ሚልኪያስ ድምፁን ቀንሶ፣ ሰው እንዳያውቀው አጉተምትሞ “ዋቀዮ ሃ ጀጀቤሱ፣ እግዜር ያጽናችሁ” እያለ ገባ። በር ላይ የኦቦ ረጋሳ ልጅ ጋዲሴ ቆማለች። የአባቷ ስልክ በእጇ ነበር። ድምፁን ስትሰማ ዞር ብላ አየችው። እንዳወቀችው ገባው።

የሟቹ ሚስት አዴ ሲንቄ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩት እጃቸውን ዘረጉ።

“ሚልኪያስ ነህ? ጠዋት በስልክ የጮኽከው አንተ ነህ አይደል?” አሉት በኦሮምኛ።

ምድር ብትከፈት ይገባ ነበር። አዴ ሲንቄ ግን እጁን ይዘው ማልቀስ ጀመሩ።

“ጋዲሴ ስታነሳው አጠገቧ ነበርኩ። አማርኛው ባይገባኝም ‘ሞቱ እንዴ፣ ሞቱ እንዴ’ ስትል ይገባኛል። ከማን እንደሰማህ እንጃ! የሥጋ ዘመድ ሳይሰማ አንተ ሰምተህ እንደ ልጅ ጮኽክለት። አንተም ስትጮህ የሚደርስልህ አትጣ፣ ልጄ። ቤትህ ለቅሶ አይግባ።”

ዙሪያውን የተቀመጡት ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ “ሰው ማለት ይሄ ነው” አለ። ሚልኪያስ ኦሮምኛ አይቸግረውም፤ “እንደዚያ አይደለም፣ እማማ” ማለት ይችል ነበር። ጋዲሴ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። ጅሩ ምንጣፉን ያያል። አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን “አሜን” ነው።

ቀብሩ ላይ ዋለ። ቃሬዛውን ሲሸከምም ሰው መንገድ ለቀቀለት። ኤልያቄም ሲደውል ስልኩን አጠፋው፤ ይህንንም ሰዎቹ አይተው ወደዱለት። ማታ ወደ አምቦ ሲመለሱ ጅሩ የተናገረው ስለ ጉሙ ብቻ ነበር።

ባኮ ሳይገባ በመቅረቱ ኤልያቄም ጮኾ ጮኾ ተወው። ጌዶን ግን መሸሽ አይቻልም፤ ከወራት በኋላ ተመልሶ ሄደ። ሱቁን የያዘችው ጋዲሴ ነበረች። ዕቃውን ካስረከባት በኋላ መውጣት አቅቶት ቆመ።

“ጋዲሴ፣ ያን ቀን በስልክ…”

“አውቃለሁ፣ ጋሼ ሚልኪያስ። እኔ አማርኛ እችላለሁ።”

“ለእናትሽ እውነቱን ብነግራቸው የሚሻል መሰለኝ።”

ጋዲሴ ኩሽኔታዎቹን መደርደሪያ ላይ መደርደሯን አላቆመችም። “ለእሷ ብለው ነው ወይስ እርስዎን እንዲቀልዎት?” አለችው።

ሚልኪያስ አንድ ኩሽኔታ አንስቶ አቀበላት።

“እናቴ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ታወራዋለች” አለች ጋዲሴ። “ከዚያ ጠዋት ያተረፈችው ደግ ነገር እሱ ብቻ ነው። አይቀሟት። ዝም ብለው ይሸከሙት።”

ከዚያ ወዲህ ጌዶ በገባ ቁጥር አዴ ሲንቄ በቅቤ ያበደ የገብስ ጭኮ ቋጥረው “ለልጆችህ” ብለው ይልኩለታል። አልቀበልም ማለት አይሆንለትም። ቤቱ ሲደርስ ፈትለወርቅ “እኚህ ሴትዮ እንዴት ቢወዱህ ነው?” ትለዋለች፤ ልጆቹም ይሻማሉ። እሱ ግን ሲሰጡት “ጠግቤያለሁ” ብሎ ፊቱን ያዞራል።