ጠብ የሚያፋጥናት የስፌት መኪና

አርብ ገበያ ላይ ለልብስ ሰፊው ለቢሻው ጨርቅ የሰጠ ሰው ቀጠሮውን በቀን አይቆጥርም ነበር። ቢሻው ሰላም የሆነ እንደሆነ ለአንድ ሱሪ ከመስቀል እስከ ገና አይበቃውም፤ ከሚስቱ ከውባለም ጋር የተጣላ ዕለት ግን አንድ ቀበሌ ሙሉ ያለብሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውባለም የሱቁ በር ላይ ቆማ «አንተ ሰውዬ፣ እኔ እኮ ነኝ የማናግርህ!» ባለች ቁጥር ቢሻው አንገቱን ይደፋና የስፌት መኪናውን መርገጫ ይረግጣል። እሷ ድምጿን ስትጨምር እሱ ፍጥነት ይጨምራል። በመጨረሻ መኪናዋ እንደ ወይፈን ታጓራለች፤ ገበያ የዋለ አህያ ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። ገብስ ሻጩ ጥጋቡማ፣ ለልጁ ሠርግ የሚለብሰው ሱሪ ቢዘገይበት፣ «ውባለም እህቴ፣ ቢሻው ስላንቺ ያለውን ሰማሽ?» እያለ ነገር ይጭር ጀመር።

ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተቀምጧል። አንዴ በቢሻው ላይ ፈረደ፣ አንዴ በውባለም ላይ፣ በሦስተኛው በሁለቱም ላይ። ሦስቱንም ጊዜ ተሳስመው ታረቁ፤ ሦስቱንም ጊዜ በማግስቱ መኪናዋ አጓራች።

አንድ ሰኞ ግን ውባለም አልጮኸችም። «አርብ ተሳፍሬ መካነ ኢየሱስ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። አልመለስም» አለች፣ በቀስታ። ቢሻውን እንዲህ ያስፈራው ነገር አልነበረም። መርገጫውን ረገጠ፤ መርፌው ሥር ጨርቅ እንኳ አልነበረም።

ከተማው ውስጥ ባልና ሚስት የምታማክር ኢየሩሳሌም የምትባል ወጣት ባለሙያ ነበረች። ጎረቤት ቢለምናት ውባለም ከመሄዷ በፊት ለአንድ ቀን ብቻ ባለሙያዋ ዘንድ ለመቅረብ እሺ አለች። ቢሻው እንደ ወጉ ምስክር ይዞ ቀረበ፤ ጥጋቡን።

«ስትጮህ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እምላለሁ» አለ ጥጋቡ ገና ሳይቀመጥ።

«እዚህ ፍርድ የለም አባቴ። ውጭ ይቆዩን» አለችው ኢየሩሳሌም። ጥጋቡ በዕድሜው እንዲህ ተዋርዶ አያውቅም።

«ታዲያ ጥፋተኛው በምን ይለያል?» አለ ቢሻው።

«አይለይም። እርስዎ ሲረግጡ እሳቸው ይጮኻሉ፤ እሳቸው ሲጮኹ እርስዎ ይረግጣሉ። ጠላታችሁ አዙሪቱ ነው፤ እናንተ በአንድ ወገን ናችሁ። እትዬ ውባለም፣ ሲረግጡብዎት ሆድዎ ምን ይላል?»

ውባለም ለስድብ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነበር። «ብሞትም ዞሮ የሚያየኝ አይመስለኝም።»

የቢሻው እግር ባዶውን ወለል መርገጥ ጀመረ።

«ጋሽ ቢሻው፣ እግርዎ ምን ፈርቶ ነው?»

በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር እግሩን የጠየቀ ሽማግሌ የለም። ኢየሩሳሌምም አልጨቀጨቀችውም፤ «መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ይንገሩ፤ እግርዎን አቁመው» ብላ ሸኘቻቸው።

አርብ ደረሰ። ቢሻው የጥጋቡን ሱሪ አንዱን እግር ዘምዝሞ ሁለተኛውን ሲጀምር፣ ውባለም ጓዟን ቋጥራ በሩ ላይ ቆመች።

«ሄድኩ።»

የቢሻው እግር ተነሣ። ሱሪውን እየጠበቀ አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ጥጋቡ በሆዱ «ተመስገን፣ አለቀልኝ!» አለ። እግሩ ግን መሬት ላይ አረፈ። መኪናዋ ዝም ስትል ገበያው ሁሉ ዝም አለ፤ ሰው የሞተ መስሎት ነጠላውን ያዘቀዘቀም ነበር።

«ውብዬ» አለ፣ ወደ እሷ ዞሮ። «አባቴ ለእናቴ ክፉ መልስ የሰጣት ዕለት ነው ጥላን የሄደችው። በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። አፌን ከከፈትኩ አንቺም የምትሄጂ ይመስለኛል። የምረግጠው ለዚያ ነው።»

ውባለም ቋጠሮዋን አወረደች። «ይህን ለመናገር ሃያ ሁለት ዓመት?»

«ቀጠሮ እንደማላከብር ታውቂያለሽ።»

ሳቋ አመለጣት። ከደንበኞቹ አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች፣ ቀሪውን ልትሰማ። አውቶቡሱ ጡሩንባውን ነፍቶ፣ ነፍቶ ሄደ።

«ሱሪዬስ?» አለ ጥጋቡ። የሰማው የለም።

ባልና ሚስቱ ዛሬም ይጣላሉ። ብቻ አሁን ሲጣሉ ቢሻው ሥራ ያቆማል። የልጁ ሠርግ ያለ ሱሪው ያለፈበት ጥጋቡም ለልጅ ልጁ ክርስትና ይደርስልኝ ይሆናል እያለ ይጠብቃል።