ሸመል የታሰረባት ሳይክል

ባለፈው ሳምንት የእናቴን አሮጌ ሳይክል ለልጄ አሠራላታለሁ ብዬ አሶሳ ገበያ አጠገብ ወዳለው ጠጋኝ ወሰድሁ፤ ሰውየው አግዳሚው ብረት ላይ የተጠመጠመውን ደረቅ ጠፍር በጉጠት ፈልቀቅ ሲያደርገው፣ የቆየ ቆዳና የጭስ ሽታ ፊቴን መታኝ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ውስጡ ሸመል ነው! ልበይደው ብል ይነድብኛል፤ ይልቅ አዲስ ይግዙላት» አለኝ እየሳቀ። እኔን ግን ሽታው ወደ ልጅነቴ ይዞኝ ሄዶ ነበር።

ክልሉ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ በከተማችን ሁሉ ነገር «እየመጣ ነው» ይባል ነበር፤ መኪናው እየመጣ ነው፣ መብራቱ እየመጣ ነው፣ ወንበሩም እየመጣ ነው፤ እንዲያውም የቢሮ ኃላፊው ከወንበሩ ቀድሞ ስለደረሰ ማንጎ ጥላ ሥር ቆሞ ባለጉዳይ ያስተናግድ ነበር። እናቴ የክትባት ሠራተኛ ነበረች፤ የተባለው መኪና እስኪመጣ ድረስ ከቀሚሷ ሥር የአባቴን ሱሪ ታጥቃ፣ የበረዶውን ሣጥን ከኋላዋ አስራ፣ በዚህች የወንድ ሳይክል በሆሞሻ መንገድ ያሉትን መንደሮች ታዳርሳለች። ሴት ሳይክል ስትነዳ አይቶ የማያውቀው መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያያታል፤ እኔም በየቀኑ እያየኋት በየቀኑ እንደ አዲስ እደነቅ ነበር።

አንድ ክረምት በአንዱ መንደር ኩፍኝ ገባ። ክትባቱ በደረሰ ዕለት እናቴ በበረዶው ሣጥን ይዛው ከጤና ጣቢያ ወደ ቤት ስትመለስ ሳይክሏ ጉድጓድ ገባችና አግዳሚው ብረት ከመሀል ቀጭ አለ። በረዶው ከሟሟ መድኃኒቱ ከንቱ ነው፤ ብየዳ ደግሞ ያው ከመብራቱ ጋር ገና እየመጣ ነው። ከወሎ በሠፈራ መጥቶ የተሰጠውን መሬት እያረሰ የሚያኖረን አባቴ፣ ለእናቴ ሲፈራ የሚቆጣ ሰው ነበርና ጮኸ።

«የተሰበረ ብረት አይታመንም! ቅዳሜ አንዱን በሬ ሸጬ ከድንበሩ ገበያ ከኩርሙክ አዲስ አስመጣልሻለሁ። እስከዚያ አርፈሽ ተቀመጪ!»

«ኩፍኙስ እስከ ቅዳሜ ይጠብቀኛል?» አለች እናቴ።

ይህን ጊዜ ነው ከአጥሩ ማዶ የሸመል አልጋ እየሠራ የሚሸጠው ጎረቤታችን አብዱረሂም ብቅ ያለው። ብሔረሰቡ በርታ ነው፤ አማርኛውን ከሠፋሪዎች ጋር ሲገበያይ ስለለመደው ወንድና ሴት አይለይበትም፤ መርፌ የያዘውን ሁሉ ደግሞ ዶክተር ይላል።

«ዶክተር፣ አንተ አትፍራ። ብረት ተሰበረ፣ ሸመል አለ። ሸመል ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም።»

የኛ አገር ሸመል እንደ ደጋው ቀርከሃ ክፍት ሳይሆን ውስጡ ድፍን ነው። አብዱረሂም አንዱን መርጦ፣ ፍቆ፣ በተሰበረው ክፍት ብረት ውስጥ በአንድ ወገን እስከ ጥግ ከሰደደው በኋላ ግማሹን መልሶ ወደ ሌላው ወገን ሳበውና ብረቱ ተገጣጠመ። ከውጭም ሌላ ሸመል ሰንጥቆ ደገፈው። ማሰሪያው ላይ ሲደርስ ግን ገመዱ እየላላ አስቸገረው። ያኔ ጀርባውን ሰጥቶን ያኮረፈው አባቴ ድንገት ተነሥቶ፣ ለሞፈር ማሰሪያ የዘፈዘፈውን እርጥብ ጠፍር ይዞ መጣና «ዞር በል እስቲ፣ አብዱረሂም!» ብሎ እግሩን ብረቱ ላይ ተክሎ ይጠመጥመው ጀመር። ፀሐይ ስላልነበረ ሳይክሏ ሌሊቱን ከምድጃው አጠገብ ተሰቅላ አደረች። ጠዋት ጠፍሩ ደርቆ፣ ተኮማትሮ፣ ሸመሉን ነክሶ ይዞት ነበር። በጣቴ ቆረቆርኩት፤ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። እርጥብ ቆዳና ሸመል ብረት ሲሆኑ ሳይ የዓለም ነገር ሁሉ የሚጠገን መሰለኝ።

እናቴ ሣጥኗን ጭና ወጣች። ሸመሉ በረገጠች ቁጥር ሲጥ ሲጥ ይላል። «አይታመንም» ያለው አባቴ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እስከ ወንዙ ድረስ እያለከለከ ሮጠ። አመሻሽ ላይ ያንኑ ሲጥታ ከሩቅ ስሰማ ዘልዬ ወጣሁ፤ ጭቃ በጭቃ ሆና፣ ሣጥኑን ባዶ አድርጋ ተመለሰች። አባቴ ጭቃዋን እያጠበላት «ነግሬሽ ነበር እኮ፣ ትችያለሽ ብዬ!» ሲላት ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። ቅዳሜም በሬው ገበያ አልወጣም።

ሸመል በዕድሜው አንዴ ነው የሚያብበው፤ ካበበም ይሞታል። ካደግሁ በኋላ በአንድ ወቅት ጫካው ሁሉ አብቦ ሲደርቅ አየሁ፤ አብዱረሂም በባዶው ኮረብታ ላይ ቆሞ ራሱን ሲነቀንቅ ትዝ ይለኛል። አሁን እሱም የለም፣ አባቴም የለም።

ለልጄ አዲስ ሳይክል ገዛሁላት፤ የምትነዳው መኪና በሚበዛበት መንገድ ነውና አሮጌውን አስነድቼ ልፈርድባት አልፈለግሁም። የእናቴን ግን ወደ ቤት መልሼ፣ ከሥጋ ቤት ቆዳ ለምኜ፣ ጠፍር ቆርጬ፣ ዘፍዝፌ ልጠመጥም ተቀመጥሁ። ሸመሉ ዛሬም ደህና ነው። ጠፍሩ ግን እኔ ስጠመጥመው ይላላል፣ እፈታለሁ፣ ደግሞ ይላላል። ያን ቀን አፌን ከፍቼ አየሁ እንጂ እጄ አልተማረም። ጉልበቷ የከዳት እናቴ ከወንበሯ ላይ ሆና ስታየኝ ቆይታ፣

«አባትሽ እንደዚያ አልነበረም የሚያዞረው» አለችኝ።

«እንዴት ነበር?»

እጇን ሰድዳ እርጥቡን ጠፍር ዳበሰችው፤ ዳበሰችውና መልሳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ ምን ዐውቄ፣ ልጄ? እኔ መንዳቱን ነበር የማውቀው።»