አንገቴን የደበቅኩባቸው ወራት

ነገሩን መጀመሪያ የነገረኝ የማላውቀው ሰው ነው። ሐረር ሸዋ በር ላይ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ መኪናው እስኪሞላ ስጠብቅ፣ በዚያ ሳምንት የለቀቅነው ክሊፕ ስር ሰው የጻፈውን በስልኬ አነብ ነበር። ሾፌሩ የእኛኑ ዘፈን ከፍቷል። ከኋላዬ ሁለት ጫት ነጋዴዎች አብረው ያንጎራጉራሉ፤ ከዘፋኞቹ አንዷ ከፊታቸው መቀመጧን አላወቁም። ደስ ብሎኝ ጽሑፉን ወደ ታች ስገፋ አንድ አጭር መስመር አየሁ። «የመሀለኛዋ አንገት አብጧል ወይስ ለእኔ ብቻ ነው የታየኝ?» ይላል። ከስሩ ሌላ ሰው «እንቅርት ነው» ብሎ መልሶለታል።

መሀለኛዋ እኔ ነኝ።

እጄን ወደ ጉሮሮዬ ሰደድኩ። ምራቄን ስውጥ ከጣቶቼ ስር አንድ ድቡልቡል ነገር ከፍ ብሎ ተመልሶ ወረደ። ደግሜ ዋጥኩ። ደግሞ ወጣና ወረደ። መኪናው ሞልቶ ሲነሳ፣ ረዳቱ ሂሳብ ሲለኝ፣ እጄ እዚያው ነበር። የምወርድበትን አልፌ ሄድኩ።

ሦስት ነን። የተዋወቅነው ሁለተኛ ደረጃ ስንማር በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ውስጥ ነው። ታላቃችን የጀጎል ልጅ፣ ሐረሪ ናት። ታናሻችን ከድሬ ጠያራ ግማሹን በእግር ግማሹን በባጃጅ እየተመላለሰች የተማረች የገበሬ ልጅ ናት። እኔ ከግንቡ ውጭ፣ ከተማው ውስጥ ተወልጄ ያደግሁ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ልጅ ነኝ። በሐረሪኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ እንዘፍናለን። መጀመሪያ የጎረቤት ሰርግ ላይ ነበር፤ ከዚያ አንዱ በስልኩ የቀረጸን ዘፈን ሳናስበው አገር አዳረሰ። ድሬዳዋ ጠራን፤ ጅግጅጋ ጠራን፤ አዲስ አበባ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ዘፈንን። ሴት ተማሪዎች ፀጉራቸውን እንደኛ መሠራት ጀመሩ። ከሦስታችን ከፍተኛው ድምፅ የእኔ ነበር። በታወቀልን ዘፈን ውስጥ ሁለቱ ዝም ሲሉ እኔ ብቻዬን ወደ ላይ የምወጣበት ቦታ አለ። ሰው እልል የሚለው እዚያ ጋ ነው።

እንቅርት የሚለው ቃል በቤታችን እንደ ዋዛ አይነሳም። የአባቴ ታላቅ እህት አብረውን ይኖራሉ፤ እትዬ እንላቸዋለን። እኔ ሳልወለድ ነው እንቅርታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅ የላቸውም። የሚወጣቸው ወረቀት ሲታሸት የሚሰማው ዓይነት ሹክሹክታ ብቻ ነው። እኛን ሲጠሩን ሁለት ጊዜ ያጨበጭባሉ። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ሲዘምር ከንፈራቸው ብቻ ሲንቀሳቀስ እያየሁ ነው ያደግሁት። ልጅ ሆኜ ከሁሉም አብልጬ የምፈራው እሱን ነበር፤ የሚንቀሳቀስና ምንም የማይወጣው አፍ።

ለማንም አልተናገርኩም። በማግስቱ ጀጎል ገብቼ፣ ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን ደርድረው ከሚሰፉበት መኪና ግርግር ከሚባለው መንገድ አንድ ቀጭን ቀይ ሻርፕ ገዛሁ። አንገቴ ላይ አሰርኩትና ልምምድ ሄድኩ።

«ያምራል» አለች ታናሻችን። «ለእኛም ይገዛልን።»

ተገዛላቸው። በሚቀጥለው ክሊፕ ሦስታችንም ሻርፕ አስረን ወጣን። ወር ሳይሞላ ሸዋ በር ላይ ቀይ ሻርፕ ያሰሩ ልጃገረዶች ማየት ጀመርኩ። አንዷ መንገድ ላይ አስቁማኝ አስተሳሰሩን እንዳሳያት ለመነችኝ። ፈትቼ ማሳየት አልቻልኩም። በእሷ አንገት ላይ አስሬላት ሄድኩ። ለስላሳና ቀጥ ያለ አንገቷን እጄ ሲነካ ቀናሁባት።

ጠዋት ጠዋት በሩን ቆልፌ አንገቴን በክር እለካ ነበር። ክሩን የባለፈው ሳምንት ክር አጠገብ አስቀምጬ አስተያያለሁ። አንዳንዴ እኩል ይሆኑልኛል፤ ያን ቀን ምግብ እበላለሁ። አንዳንዴ አዲሱ ይረዝማል። በጀርባዬ ስተኛ የሆነ ሰው አውራ ጣቱን ጉሮሮዬ ላይ ያሳረፈ ይመስለኝ ስለነበር በጎኔ መተኛት ለመድኩ።

በአራተኛው ወር አንድ ሰርግ ላይ፣ እኩለ ቀን፣ ድንኳኑ በሰው ጢም ብሎ፣ ብቻዬን የምወጣበት ቦታ ደረሰ። ሁለቱ ዝም አሉ። አፌን ከፈትኩ። ድምፄ ግማሽ መንገድ ሄዶ ተሰነጠቀና ጠፋ። ማይክራፎኑ ትንፋሼን ብቻ አሰማ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ ከፊት የተቀመጡ አንዲት ሴት ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ሲከስም ማየቴን አስታውሳለሁ። ታናሻችን ድንገት እልልታውን አቀለጠችው፤ ሰውም ተከተላትና ነገሩ ተሸፈነ። እኔ ግን ማይኩን ወደ ታች አወረድኩ።

በማግስቱ ታላቃችን ቤቷ ጠራችኝ። እናቷ ከላይኛው መደብ ላይ ተቀምጠው ስፌታቸውን ይሰፋሉ። እኛ ከታችኛው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ሻርፑን ፍቺው» አለችኝ።

«ለምን?»

«ፍቺው።»

ፈታሁት። ቀረብ ብላ አየችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አራት ወር ይሆነዋል።»

«አራት ወር ሙሉ ከአጠገባችን ቆመሽ። ለምን አልነገርሽንም?»

«ሌላ ሰው ትፈልጋላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

አንፈልግም እንድትለኝ ጠበቅኩ። አላለችም። እናቷ ስፌታቸውን አስቀምጠው ወረዱና «ቢስሚላህ» ብለው መዳፋቸውን እብጠቱ ላይ አሳረፉ። እጃቸው ሻካራና ሙቅ ነበር። «አላህ ያሽርሽ፣ ልጄ። ነገ ሐኪም ጋ ትሄጃለሽ፤ እሷ ትወስድሻለች» አሉኝ።

ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነው። በመሣሪያ አየ፤ በመርፌ ናሙና ወሰደ። ውጤቱ አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ ድረስ ክፉው በሽታ፣ ካንሰር፣ ይሁን አይሁን አይታወቅም አለኝ። በዚያን ጊዜ ነው እናትና አባቴ የሰሙት። እናቴ ጠበል ወሰደችኝ፤ አባቴ ቀኑን ሙሉ ጋዜጣ ይዘው ገጹን ሳይገልጡ ይውሉ ነበር። ስልክ በጠራ ቁጥር እኔም እናትና አባቴም እንነሳና ማንም ሳያነሳው ይዘጋል። ውጤቱ በመጨረሻ ሲመጣ ክፉው አልነበረም። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ የሚቀጥለውን እየጠበቅኩ ነበር።

«ቢሆንም ይወጣል» አለ ሐኪሙ። «ወደ ውስጥ ወርዶ የአየር ቧንቧሽን እየገፋ ነው።»

«ድምፄስ?»

«ድምፅ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከጀርባው ነው የሚያልፈው። በጣም ቀጭን ነው። እንጠነቀቃለን።»

«ይጎዳል?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አብዛኛው ሰው አይጎዳም። ግን ዘፋኝ መሆንሽን አውቃለሁ። ልጄ ቤት ውስጥ የምትዘፍነው የእናንተን ነው። ስለዚህ አልዋሽሽም፤ ከፍ ያለው ድምፅሽ እንደነበረ ይመለሳል ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም።»

አመስግኜ ወጣሁ፤ ቀጠሮ ሳልይዝ። ቤት ስደርስ ሐኪሙ በመድኃኒት እንሞክር አለ ብዬ ዋሸሁ። ሻርፑን መልሼ አሰርኩት። ለጓደኞቼም ያንኑ ነገርኳቸው። ሰርግ ሲኖር ግን «ጉንፋን ይዞኛል» እያልኩ ቀረሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት ሳልናገር ወደ ልምምድ ቤታችን ሄድኩ። ልምምድ የምናደርገው ፎቅ ላይ ባለ አንድ ክፍል ነው። ደረጃው መሀል ስደርስ ዘፈናችንን ሰማሁ። ሁለቱ ዝም አሉ። ከዚያ አንድ የማላውቀው ድምፅ ብቻውን ወደ ላይ ወጣ። ንጹሕ ነበር። ምንም ሳይደናቀፍ እኔ እቆምበት ከነበረው ቦታ አልፎ ሄደ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መሄድም መግባትም አልቻልኩም። ሲጨርሱ ታላቃችን በሩን ከፍታ አየችኝ።

ከኋላዋ በሩን ዘጋችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«የአክስቴ ልጅ ናት» አለች። «የተዋዋልነው ሰርግ አለ። ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፤ ፈራሁ።»

«እኔን?»

«አንቺን። ሐኪሙ ጋ ሄጄ ነበር። መድኃኒት የሚባል ነገር እንደሌለ ነገረኝ። ሳታወጪው ብትቀሪ መተንፈስ እንደሚያቅትሽ ነገረኝ። እኔ ከአንቺ ጋር መዝፈን እፈልጋለሁ፤ ግን ካልሆነ ሌላ ሰው ይዘፍናል፤ አንቺ ከሞትሽ ግን እንዳንቺ ያለ ሌላ ሰው አላገኝም።»

ንግግሩ አስከፋኝ። ተነስቼ ወርጄ ሄድኩ። ግን ቤት እስክደርስ ድረስ መሞት የሚለው ቃል ከጎኔ አብሮኝ ሲራመድ ነበር። እስከዚያ ቀን የፈራሁት ዝምታን ብቻ ነበር።

እትዬ በረንዳ ላይ ነበሩ። ምን እንዳዩብኝ እንጃ፣ ሁለት ጊዜ አጨብጭበው ጠሩኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ። እጃቸውን ዘርግተው ሻርፑን ራሳቸው ፈቱት። ከአፋቸው የሚወጣውን ለመስማት ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«እኔን ቢላዋው የጎዳኝ ይመስልሻል» አሉኝ።

«አይደለም እንዴ?»

«ሰባት ዓመት ደብቄው ነው። ነጠላዬን እስከ አገጬ እያጣፋሁ። ባል እንዳይሸሸኝ ብዬ፣ ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ። ሲከፍቱኝ ከሁሉም ነገር ጋር ተጣብቆ ነበር። ሐኪሙ የሚለየው ነገር አልነበረውም።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፤ ይህን ያህል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። «ሻርፕ አስረሽ መስታወት ስትሸሺ ሳይሽ፣ ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ እትዬ?»

«ፈራሁ። በእኔ ድምፅ ብነግርሽ ይብስ ትሸሻለሽ ብዬ።»

በማግስቱ ቀጠሮ ያዝኩ።

ቀዶ ሕክምናው ጠዋት ነበር። ታናሻችን ከድሬ ጠያራ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ መጥታ ሆስፒታሉ በር ላይ አገኘችን፤ ታላቃችን ከአባቴ አጠገብ ቆማለች። አልጋው ላይ ሲገፉኝ ጣሪያው ላይ ያሉትን መብራቶች እቆጥር ነበር። ሐኪሙ ጭምብሉን አድርጎ ጎንበስ ሲል ልለምነው ፈለግሁ፤ ምን ብዬ እንደምለምን ግን አላወቅኩም። «ዶክተር» ብቻ አልኩት። ከመተኛቴ በፊት የመጨረሻ ቃሌ እሱ ነው፤ በኋላ ይህን ቃል እያሰብኩ ብዙ ጊዜ ተሳቀቅኩ። በዚያ ድምፄ የተናገርኩት የመጨረሻው ነገር የሰው ማዕረግ ሆነ።

ስነቃ አንገቴ እንደ እሳት ይነዳል። ነርሷ «ስምሽን ንገሪኝ» አለችኝ። ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። እናቴ «ልጄ፣ አንድ ቃል በይ» አለችኝ። ከንፈሬን ገጠምኩ። ሞክሬ ከሚጠፋ ሳልሞክረው ቢቆይ ይሻለኛል ብዬ ነው። ሁለት ቀን እንዲህ ሆንኩ። በሁለተኛው ቀን ውሃ ጠምቶኝ እናቴ ፊቷን አዙራ ስለነበር ሁለት ጊዜ አጨበጨብኩ። እናቴ ዘወር ስትል ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። እኔም እጆቼን አየኋቸው፤ የእኔ አልመሰሉኝም።

«ውሃ» አልኩ።

ወጣ። ሻካራ፣ ዝቅ ያለ፣ ጉንፋን የያዘው ወንድ የሚመስል ድምፅ ነው፤ ግን ድምፅ ነው። እናቴ ኩባያውን ይዛ ቆመች እንጂ ውሃውን መስጠቱን ረሳችው።

ሐኪሙ ስድስት ወር እንድጠብቅ ነገረኝ። ንግግሬ ቀስ በቀስ ጠራ። ከፍ ያለው ድምፅ አልተመለሰም። በየጠዋቱ ወጥቼ እሞክር ነበር፤ እዚያ ቦታ ስደርስ ግን በሩ እንደተዘጋ ቤት ይሆንብኛል። አንድ ቀን መሞከሩን ተውኩት። ያን ቀን ሦስት ሰዓት ሙሉ አልጋ ላይ ፊቴን ወደ ግድግዳ አድርጌ ተኝቼ፣ ከዚያ ተነስቼ ልምምድ ቤት ሄድኩ።

አራት ሆነን ጀመርን። የታላቃችን የአክስት ልጅ ላዩን ትዘፍናለች፤ እኔ ከሁሉም በታች እሄዳለሁ፤ መሀሉንም ለእሷና ለታላቃችን ለቅቄ ጫፍ ላይ እቆማለሁ። መጀመሪያ ስንለማመድ እሷ እኔን ፈርታ ድምፅዋን ትቆጥብ ነበር። «ውጪበት» አልኳት። «እኔን አትይኝ።» ወጣችበት። ስሰማት አሞኛል፤ ዛሬም አንዳንዴ ያመኛል።

መጀመሪያ አብረን የወጣነው ድሬ ጠያራ፣ ታናሻችን ሰፈር፣ የዘመዷ ሰርግ ላይ ነው። ሻርፕ አላሰርኩም፤ ጠባሳው ገና ቀይ ነበር። ከመድረኩ ጀርባ ቆሜ፣ ድምፄ ደግሞ ሕዝብ ፊት ቢጠፋስ እያልኩ በየደቂቃው በቀስታ «እህም» እላለሁ። አሁንም ከእያንዳንዱ ዝግጅት በፊት እንዲሁ ነኝ፤ አልተወኝም። አንዲት ጎልማሳ ሴት ውሃ ይዘውልን መጡና አራታችንን ተራ በተራ አዩን።

«ያቺ ከፍ አድርጋ የምትዘፍነዋ የት ሄደች?» ብለው ጠየቁኝ። «መሀል የምትቆመዋ።»

«ታማ ነበር፣ እናቴ።»

«ዳነች?»

«ድናለች።»

«እግዜር ይመስገን። ድምፅዋን እወድላት ነበር» አሉና ውሃውን ለሌሎቹ ሊሰጡ ሄዱ። ታላቃችን ሰምታ ነበር። ስማችን ተጠርቶ ስንወጣ መሀሉን ለቃ ጫፍ ላይ ከእኔ አጠገብ ቆመች።